በእራፊ ጨርቅ ስለሚሠራ የእርጋታ ስፌት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየቤቱ ከሣጥን ሥር ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ የተቀመጠ፣ ለመልበስ የማይሆን ለመጣል ደግሞ የሚያሳሳ ጨርቅ አይጠፋም። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ያንን ጨርቅ አውጥተው በመርፌ ሊቀመጡበት ካሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚነሡ ናቸው። መልሶቹ ለዓመታት በዚሁ ሥራ ላይ ከቆየ ሰው እጅ የወጡ ስለሆኑ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ የግል አስተያየት መጨመሩ አልቀረም።

የእርጋታ ስፌት ሲባል ምን ማለት ነው? ከተለመደው የልብስ ስፌትስ በምን ይለያል?

የእርጋታ ስፌት ትርፍራፊ ጨርቆችን በአንድ መደብ ጨርቅ ላይ ደርድሮ፣ ያለ ስፌት መኪና፣ በመርፌና በክር ብቻ፣ ሳይቸኩሉ እየወሰወሱ ማያያዝ ነው። ልብስ ሰፊ ልክ ይወስዳል፣ የቀጠሮ ቀን ይቆርጣል፣ ሥራውም የሚመዘነው ልብሱ ለባለቤቱ ልክ በመምጣቱ ነው። እዚህ ግን ልክም ቀጠሮም የለም። መዳፍ የምታህል ቁራጭ አንድ ሳምንት ብትፈጅ የጠፋ ጊዜ አይባልም፤ የተፈለገው ሳምንቱን ሙሉ በየምሽቱ እጅና ዐይን አንድ ቦታ ላይ ማረፋቸው ነውና።

ስፌቱ ራሱ ከስፌት ሁሉ ቀላሉ ነው። መርፌዋ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ እንደገና ትገባለች። ልብስ ሰፊዎች ዋናው ስፌት እስኪመጣ ድረስ ጨርቁን ለጊዜው ለመያዝ የሚወሰውሱትን ያንን ስፌት፣ እኛ እንደ ዋና ሥራ አድርገን እንይዘዋለን። ጥልፍ የሚያውቅ ሰው ጥልፉን ሊጨምርበት ይችላል፤ የማያውቅም ምንም አይጎድልበትም።

ይህ በቅርቡ የመጣ ፋሽን ነው ወይስ የቆየ ሥራ ነው?

ስሙ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ግን ጨርቅ ብርቅ በነበረበት አገር ሁሉ የነበረ ነው። በቤንጋል፣ ማለትም በዛሬዋ ባንግላዴሽና በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል፣ ሴቶች ከብዙ መታጠብ የተነሣ የለሰለሱ አሮጌ ሳሪዎችን ደራርበው፣ ከዳር እስከ ዳር በጥቃቅን ውስወሳ እየሞሉ ካንታ የተባለውን ስስ ብርድ ልብስ ይሠሩ ነበር። ክሩን እንኳ ከገበያ አይገዙም ነበር፤ ከዚያው ከሳሪው ባለቀለም ጠርዝ ላይ እየመዘዙ ይጠቀሙበት ነበር።

በጃፓን ሰሜናዊ ጫፍ በምትገኘው በአኦሞሪ ደግሞ ብርዱ ጥጥ አያበቅልም። በቀድሞው ዘመን አካባቢውን ያስተዳድሩ የነበሩት የቱጋሩ ገዢዎች ገበሬው የጥጥ ልብስ እንዳይለብስ ከልክለውት ስለነበር፣ ሕዝቡ ክረምቱን የሚያሳልፈው ሄምፕ ከተባለ ተክል ቃጫ በተሠራ፣ ንፋስ በሚያሳልፍ ልብስ ነበር። ብርዱን ለመከላከል ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየደረቡ፣ የተቀደደውን በሌላ ቁራጭ እየጣፉ፣ ከላይ እስከ ታች ይሰፉት ነበር። ለዚህ ሥራ የሚጠቀሙበት ስፌት ሳሺኮ ይባላል፤ ትርጉሙም «ትንንሽ መውጋት» ማለት ነው። በዚህ መንገድ ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፈ፣ እየተጣፈ የከበደው ልብስና መኝታ ቦሮ ይባላል፤ ዘመኑ ሲለወጥ ልጆች የወላጆቻቸውን ቦሮ ያፍሩበትና ይደብቁት ነበር። ዛሬ በሙዚየም በመስታወት ውስጥ የሚታየው ያ የታፈረበት ጨርቅ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ወንዝ ከሦስት በኩል የከበባት ጂስ ቤንድ የተባለች የጥቁር አሜሪካውያን መንደር ናት። የመንደሯ ሴቶች ካለቁ የሥራ ሱሪዎችና ከዱቄት ከረጢቶች ሳይቀር የሰፏቸው ብርድ ልብሶች እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ለእይታ ቀርበው፣ ከዘመኑ የሥዕል ሥራዎች ጎን የሚቆሙ ናቸው ተብለው ተመስክሮላቸዋል። ሴቶቹ ሲሰፉ ግን ሐሳባቸው ልጆቻቸው በሌሊት እንዳይበርዳቸው ነበር።

በእኛም ቋንቋ ለዚህ ሥራ የሚሆን ቃል አላጣንም፤ መጣፍ፣ መደረት፣ መወስወስ፣ መዘምዘም እንላለን። ከእነዚህ ውስጥ ድሪቶ የሚለው ቃል ግን የድህነት ስድብ ሆኖ ቀርቷል። እኔ ይህ ቃል ያሳዝነኛል። ድሪቶ ማለት አንድ ሰው ሌላው ሰው እንዳይበርደው ቁጭ ብሎ ቁራጭ ከቁራጭ ጋር ያገናኘበት ጨርቅ ነው፤ በአኦሞሪ የተከበረው በእኛ ዘንድ የሚናቅበት ምክንያት አይታየኝም።

በእርግጥ ለአእምሮ ሰላም ይጠቅማል? ወይስ እንዲሁ የሚባል ነገር ነው?

የሚታወቀውን ከሚገመተው ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። በእራፊ ጨርቅ መስፋትን ብቻ ለይተው የመረመሩ ትልልቅ ጥናቶች የሉኝም፤ ለዚህ ሥራ ቅርብ በሆኑ የእጅ ሥራዎች ላይ የተደረጉ ግን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ የሙያ ሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት ከልዩ ልዩ አገሮች ከ3,500 በላይ ሹራብ ሠሪዎችን ጠይቆ፣ አዘውትረው የሚሠሩት ሰዎች ከሥራው በኋላ የበለጠ መረጋጋትና ደስታ እንደሚሰማቸው መናገራቸውን ዘግቧል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በፊላደልፊያ የድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 39 ጎልማሶችን ለ45 ደቂቃ በሸክላ ጭቃ፣ በቀለምና በወረቀት ቅንብር ካሠሯቸው በኋላ፣ ከየአራቱ ሰው በሦስቱ ላይ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ከምራቃቸው በተወሰደው ናሙና ቀንሶ ተገኝቷል። የቀድሞ ልምድ ያለውም የሌለውም እኩል መጠቀሙ፣ ሥራው ለባለሙያ ብቻ የተተወ እንዳልሆነ ያሳያል። እርግጥ የመጀመሪያው ጥናት ሰዎች ስለ ራሳቸው በተናገሩት ላይ የቆመ ነው፣ የሁለተኛውም ተሳታፊዎች ቁጥር ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ከእነርሱ ተነሥቶ «መርፌ መድኃኒት ነው» ማለት አይቻልም።

ከልምድ የምለው ግን አለ። ጭንቀት የያዘው ሰው ሐሳቡ ወይ ወደ ትናንት ወይ ወደ ነገ ይሮጣል። መርፌ በያዘበት ሰዓት ግን የሚቀጥለው ስፌት የት እንደሚያርፍ ማየት ይኖርበታል፤ ካላየ ጣቱን ይወጋል ወይም ክሩ ይጠላለፋል። ሥራው ሐሳብን የሚይዘው በዚህች በትንሽ ግዴታ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን አይጠይቅም፣ ስሌትም ውሳኔም የለበትም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ክሩ ጨርቁን ሲያልፍ የሚያሰማው ስስ ድምፅ መሰማት ይጀምራል፤ እስትንፋስም ሳይታዘዝ ከእጅ ጋር ይገጥማል። በልጅነታችን ያየናቸው እናቶች እንዝርት ሲያሾሩ ወይም ሰፌድ ሲሰፉ ፊታቸው ላይ ይታይ የነበረው እርጋታ ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። እነርሱ ለኑሮ ነው የሠሩት፤ ሥራው ግን በዚያው እነርሱንም ያሳርፋቸው ነበር።

እንቅልፍ የነሣ፣ ከሰው ያራቀ ወይም የመኖር ፍላጎትን ያጠፋ ኀዘንና ጭንቀት ያለበት ሰው ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ስፌቱ ከሕክምናው ጎን ሊሄድ ይችላል እንጂ በእርሱ ቦታ ሊተካ አይገባም፤ የታዘዘ መድኃኒትም በዚህ ምክንያት አይቋረጥም።

ለአካባቢ ጥበቃስ ምን ያህል ይረዳል?

አንድ የጥጥ ቲሸርት ለመሥራት፣ ጥጡ ከሚበቅልበት ማሳ ጀምሮ፣ ወደ 2,700 ሊትር ውኃ እንደሚፈጅ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ ዕቃን መልሶ መጠቀምን የሚያበረታታው የኤለን ማክአርተር ፋውንዴሽን ዘገባም ለልብስ ከሚውለው ጨርቅ ተመልሶ አዲስ ልብስ የሚሆነው ከ1 በመቶ በታች እንደሆነ ገልጿል። በዚህ ሚዛን ሲታይ በሣጥንዎ ያለችው እፍኝ እራፊ ምንም አትባልም፤ በስፌት ብቻ ዓለምን ከቆሻሻ እናድናለን የሚል ሰው ካለ እያጋነነ ነው።

ለውጡ ያለው ከእራፊው ይልቅ በሚሰፋው ሰው ላይ ነው። በእጁ አንዲት ስንዝር ጨርቅ ለመሙላት ሦስት ምሽት የፈጀበት ሰው፣ ሙሉ ቀሚስ በርካሽ ሲሸጥ ሲያይ ያ ዋጋ የማንን ጊዜ ቆርጦ እንደወጣ መጠየቁ አይቀርም። ብብቱ የተተረተረ ሸሚዝም አይጥልም፤ መርፌው አጠገቡ ነው፣ እጁም ለምዷል። ልብስን አንድ ወይም ሁለት ዓመት ጨምሮ መልበስ፣ አዲስ አለመግዛት፣ ያለቀውንም ለሌላ አገልግሎት ማዋል ነው ትልቁ ጥቅም፤ የእርጋታ ስፌት ደግሞ ወደዚያ ልማድ የሚያስገባ በር ነው።

ስለዚህም አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ለዚህ ሥራ ብለው አዲስ ጨርቅ አይግዙ። የተዘጋጀ፣ በቀለም የተመሳሰለ፣ በፕላስቲክ የታሸገ የቁራጭ ጨርቅ ጥቅል በየኢንተርኔቱ ይሸጣል፤ ያንን መግዛት ግን ሥራውን ከነምክንያቱ ማጥፋት ነው።

ለመጀመር ምን ምን ዕቃ ያስፈልገኛል?

ጫፏ ሹል፣ ዓይኗ ሰፋ ያለ የእጅ መርፌ፣ መቀስ፣ ክር፣ ጥቂት እስፒል፣ መደብ የሚሆን አቡጀዴ ወይም አሮጌ አንሶላ፣ እንዲሁም እራፊዎቹ ይበቃሉ። የጥልፍ ክር ከተጠቀሙ አንዱ ክር በውስጡ ስድስት ቀጫጭን ክሮች አሉት፤ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ለይቶ መስፋት ለእጅም ለጨርቅም ይቀላል። ክሩ ከጣት ጫፍ እስከ ክርን ከሚደርሰው አይርዘም። ብዙ ጀማሪ መርፌ ደጋግሞ መሰካት ስለሚሰለቸው ክሩን ክንድ ሙሉ ይቆርጣል፤ ከዚያ በየሁለት ስፌቱ እየተቋጠረበት ጨርቁን ወርውሮ ይነሣል። በቤት የተፈተለ የጥጥ ፈትልም ያምራል፤ ሲሳብ እንዳይበጠስ ግን አስቀድሞ በንጹሕ የማር ሰም ላይ ሁለት ጊዜ ማሳለፍ ነው።

የትኛው ጨርቅ ይሻላል? ከየትስ አገኛለሁ?

ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ ጥጥ ከሁሉም ይሻላል። አሮጌ አንሶላ፣ የወንድ ሸሚዝ፣ የሕፃን መጠቅለያ፣ የትራስ ልብስ፣ ያረጀ ሻሽ፣ መርፌ እየዳሰሰ የሚያልፍባቸው ናቸው። ጂንስ ለጌጥ ያምራል፤ ነገር ግን ሁለትና ሦስት ድርብ ሲሆን ጣት ያማል። የሚለጠጥ ጨርቅ ስፌቱን ስለሚያጨማድደው ለመጀመሪያ ሥራ አይመረጥም።

ነጠላና ጋቢ ለብቻቸው ሊነገርላቸው ይገባል። ድርና ማጉ በእጅ ስለተሸመነና ስለሳሳ፣ በመቀስ በተቆረጠ ቅጽበት ከጠርዙ መተርተር ይጀምራል። ከመቁረጥዎ በፊት በሚቆረጠው መሥመር ግራና ቀኝ ጠበቅ ያለ ውስወሳ ቢያሳልፉ ይይዝልዎታል፤ ወይም ጨርሶ ሳይቆርጡ፣ ያለቀውን ነጠላ እንዳለ አጥፈው መደብ ቢያደርጉት ይበልጣል። መርፌ በፈትል ውስጥ የምታልፍበት ልስላሴ ከየትኛውም የፋብሪካ ጨርቅ ጋር አይወዳደርም፤ አንድ ጊዜ የሞከረው ሰው ሁልጊዜ ይፈልገዋል።

የጨርቁ ምንነት ካልታወቀ በእሳት ይለያል። ጫፉን በጣም ትንሽ ቆርጠው፣ በመቆንጠጫ ይዘው፣ በሣህን ላይ፣ ከሌላው ጨርቅ ርቀው ያቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተርና ናይሎን ቀልጠው ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሠራሉ። የእንጀራ ምጣድ ማሰሻ ከጥጥ ጨርቅ የሚደረገውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰው ሠራሹ ምጣዱ ላይ ይቀልጣል። ፖሊስተር ለስፌቱ ክልክል አይደለም፤ ካለዎት ይጠቀሙበት፤ ትኩስ ካውያ ብቻ አያስነኩት።

ከየት ይገኛል ለሚለው፣ አስቀድመው የራስዎን ሣጥን ይፈትሹ። ቀጥሎ ያለው የሠፈር ልብስ ሰፊ ነው። ከስፌት መኪናው ሥር በየቀኑ የሚጠረገው ቁራጭ ለእርሱ ቆሻሻ ስለሆነ፣ በትሕትና ከጠየቁት አብዛኛውን ጊዜ በፌስታል ሞልቶ ይሰጥዎታል። በአዲስ አበባ እንደ ሽሮ ሜዳ ባሉ የአገር ልብስ በሚሰፋባቸው ቦታዎች የጥበብ ቁራጭ ሳይቀር ይገኛል። በውጭ አገር የምትኖሩም የሐበሻ ቀሚስ የሚሰፉ ባለሙያዎች በከተማችሁ ካሉ፣ የእነርሱም ቁራጭ ያው ነው። ከየትም ይምጣ፣ ከመስፋትዎ በፊት በሙቅ ውኃ አጥበው በፀሐይ ያድርቁት፤ ቀለም የሚለቀውም በዚያው ይታወቃል።

ከአሁን በፊት መርፌ ይዤ አላውቅም። የመጀመሪያዋን ቁራጭ እንዴት ልሥራት?

በአራቱም ጎን 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ መደብ ከአሮጌ አንሶላ ይቁረጡ። ከእራፊዎቹ መካከል አምስት ወይም ስድስት ያውጡና በመደቡ ላይ፣ ጠርዛቸው ትንሽ እየተደራረበ፣ ይደርድሯቸው። እዚህ ላይ አይጨነቁ፤ የቀለም ሕግ የለም። ከተደረደሩ በኋላ ከሥራው ራቅ ብለው አንድ ጊዜ ይመልከቱት፣ ያላስደሰተዎትን ያንሡ፣ ከዚያ በእስፒል ይያዙት።

ክሩን ሰክተው ጫፉን ይቋጥሩ። ቋጠሮው ከሥር እንዲቀር መርፌዋን ከሥር ወደ ላይ ያውጡ። አሁን የሩዝ ፍሬ የምታህል ርቀት ሄደው መርፌዋን ያስገቡ፣ ከዚያ ያነሰ ርቀት ከሥር ሄደው ያውጡ። የሳሺኮ ሰፊዎች ከላይ የሚታየውን ስፌት ከሥሩ ረዘም የሚያደርጉት በዚህ መንገድ ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ሩዝ የተበተነበት ይመስላል። አንድ በአንድ ይስፉ፤ መርፌ ላይ ሦስትና አራት ስፌት አከማችቶ በአንድ ጊዜ መሳብ ለፍጥነት ይመቻል፣ እኛ ግን ፍጥነት አልፈለግንም። ክሩን ሲስቡ ጨርቁ መጨማደድ ከጀመረ በጣም ስበዋል ማለት ነው፤ በአውራ ጣት ስፌቱን ዳበስ አድርገው ወደ ኋላ ይልቀቁት።

መሥመሩ የእራፊውን ጠርዝ ዳር ዳሩን ተከትሎ ይሂድ። ዙሩን ሲጨርስ ከውስጡ በጣት ስፋት ገባ ብለው ሌላ ዙር ይጀምሩ። እንዲህ እያለ መደቡ ይሞላል። እኔ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ገደማ ፈጅቶብኛል፤ ከዚያ ውስጥ ሦስቱ ቀን የተፈታ ስፌት መልሶ ለመስፋት የሄደ ነው፣ ክር ሲያልቅ ማሰር እንዳለብኝ አላወቅሁም ነበርና። ክርዎ አራት ጣት ያህል ሲቀረው ያቁሙ፣ በሥሩ በኩል በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ደግመው ይስፉ፣ ከዚያ ይቁረጡ።

ስፌቴ ጠማማ ነው፤ ልፍታው?

አይፍቱት። ክሩ ካልላላና ጨርቁን ካልጨመደደ በስተቀር ጠማማነት ጉድለት አይደለም፤ እጅዎ በዚያ ምሽት የሄደበት መንገድ ነው።

የሞተ ሰው ልብስ ለዚህ ሥራ መቁረጥ ተገቢ ነውን?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ልብሱን በእጃቸው ይዘው ነው የሚጠይቁት፤ ስለዚህ በጥንቃቄ እመልሳለሁ። ከላይ ባነሣኋት በጂስ ቤንድ መንደር፣ ሚዙሪ ፔትዌይ የተባሉ ሴት እ.ኤ.አ. በ1942 ባለቤታቸው ሲሞቱ የሥራ ልብሶቻቸውን አንድ ብርድ ልብስ አድርገው ሰፉት፤ እርሳቸውን እያስታወሱ ሊለብሱት። ሱሪው ጉልበቱ ላይ የሳሳው፣ ፀሐይ ያነጣው ቦታ ሁሉ እንዳለ ይታይበታል። ብርድ ልብሱ ዛሬ በዋሽንግተን በናሽናል ጋለሪ ይገኛል። ኀዘንን በዚህ መንገድ መያዝ ስለዚህ የቆየና የሚያጽናና ነው።

ሆኖም መቀስ የቆረጠውን መልሶ መቀጠል አይቻልም። የአክስቴን ነጠላ በኀዘኑ ወር ጥለቱን ከነጠላው ለይቼ ቆርጬ ነበር፤ ዓመት ካለፈ በኋላ እኅቴ ነጠላውን በተዝካሩ ቀን ልትለብሰው ብላ ስትጠይቀኝ የምሰጣት አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህን ነው፦ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቆዩ፣ ለቤተሰቡ ሁሉ ያሳውቁ፣ መጀመሪያ ያለቀውንና የቤት ውስጥ የሆነውን ልብስ ይጠቀሙ፣ የክት ልብሱን ይተዉ። ነገሩ የማይታገስ ከሆነ ደግሞ ሳይቆርጡ፣ ልብሱ ላይ የሳሳውን ቦታ ብቻ በመጣፍ ይጀምሩ።

ሥራው የሴት ብቻ ነውን?

አይደለም። በአገራችን ሸማ የሚሸምነው በአመዛኙ ወንድ ነው፤ በየበረንዳው የስፌት መኪና ይዞ የሚቀመጠውም እንዲሁ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ የቆሰሉ ወታደሮች በአልጋቸው ላይ ሆነው ጥልፍ ይማሩና ይሠሩ ነበር፤ የለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ከእነርሱ እጅ የወጣ የመንበር ልብስ አለው። ወንዶችን የሚያርቀው ሥራው ራሱ ሳይሆን የእጅ ሙያን የመናቅ የቆየ ልማድ ነው። ዐፄ ምኒልክ ሸማኔውንና ቀጥቃጩን በሙያው መስደብን በ1900 ዓ.ም በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ልማዱ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላም አንዳንድ አባቶች መርፌ መያዝ እየፈለጉ «ምን ይሉኛል» ሲሉ ስሰማ ያ አዋጅ ዛሬም እንደሚያስፈልገን ይሰማኛል።

በሰንበትና በበዓል ቀን መስፋት ይቻላል?

ይህ የእያንዳንዱ ሰው እምነት ጉዳይ ነው። በብዙ የኦርቶዶክስ ቤተሰቦች በሰንበትና በሚከበሩ የወር በዓላት መፍተልም መስፋትም ይተዋል፤ ያንን ልማድ የሚጠብቅ ሰው ለዚህ ሥራ ብሎ እንዲተወው አልመክርም። ሥራው ቀጠሮ ስለሌለው አንድ ቀን ቢያርፍ የሚጎዳው ነገር የለም።

ዐይኔንና ጀርባዬን ሳልጎዳ ለምን ያህል ጊዜ ልስፋ?

በአንድ ቁጭታ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በቂ ነው። ብርሃን ከጎን፣ ከማይሰፋው እጅ በኩል ይምጣ፤ ጥላዎ ስፌቱ ላይ እንዳያርፍ። ጨርቁን ወደ ዐይን ከፍ ለማድረግ ጭንዎ ላይ ትራስ ያስቀምጡ እንጂ አንገትዎን ወደ ጨርቁ አይድፉ። የአውራ ጣት ሥር ወይም የእጅ አንጓ ማመም ከጀመረ ሥራውን ትተው ለጥቂት ቀናት ያሳርፉት፤ ሕመሙ ካልተወ ለሐኪም ያሳዩት። ማታ በመብራት ሲሰፉ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ አይምረጡ።

ልጆችን ላሳትፍ?

ስድስትና ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ አጠገቡ ትልቅ ሰው ካለ፣ ጫፏ ደብዘዝ ያለ ወፍራም መርፌና ሳሳ ያለ ጨርቅ ይዞ መስፋት ይችላል። ሲጀምሩም ሲጨርሱም መርፌዎችን ይቁጠሩ። ምንጣፍ ላይ የጠፋች አንዲት መርፌ ሳትገኝ ሌላ ሥራ አይጀመርም።

ሠርቼ ብሸጠውስ?

ይቻላል፤ ነገር ግን ለመጀመሪያው ዓመት ባያስቡት ይሻላል። አንድ የትራስ ልብስ ሠላሳና አርባ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ያንን ሰዓት በቀን ሠራተኛ ክፍያ ቢያሰሉት እንኳ ዋጋው ከገበያው ጋር አይገናኝም። ዋጋውን ለማውረድ ሲሉ መፍጠን ይጀምራሉ፣ መፍጠን ሲጀምሩ ደግሞ ለእርጋታ የተቀመጡበት ሥራ ራሱ ሌላ ጭንቀት ይሆናል። በስፌት የሚተዳደር ባለሙያ ግን ሌላ ነው፤ የእርሱን ሥራ ሲገዙ ሰዓቱን አስበው ሙሉ ዋጋ ይክፈሉት።

የተሠራውን ለምን ላውለው? እንዴትስ ይታጠባል?

ትንንሾቹ ቁራጮች የስኒ ማስቀመጫ፣ የመነጽር ወይም የመርፌ ማኖሪያ፣ ለመጽሐፍ ሽፋን ይሆናሉ። ባለ 20 ሳንቲ ሜትሮቹን እያጠራቀሙ አርባ ሁለት ሲሞሉ፣ በስድስት ረድፍ ሰባት ሰባት አድርገው ጎን ለጎን ቢያያይዟቸው ለሕፃን አልጋ የሚበቃ ልብስ ይወጣቸዋል። ጉልበቱ የሳሳ ሱሪ ላይ መጣፍም ይቻላል፤ የሚጣፈው ጨርቅ ከተቀደደው ቦታ በየጎኑ ሦስት ጣት ተርፎ በደህናው ጨርቅ ላይ ይረፍ፣ አለዚያ በሚቀጥለው ወር ስፌቱ ያረፈበት ጠርዝ ራሱ ይቀደዳል።

ሲያጥቡት በለብታ ውኃና በጥቂት ሳሙና ዘፍዝፈው፣ በመዳፍ ጫን ጫን አድርገው ያውጡት፤ አይሹት፣ አይጭመቁት። በፎጣ ጠቅልለው ውኃውን ካስመጠጡት በኋላ በገመድ ላይ አይስቀሉት፣ የውኃው ክብደት ስፌቱን ይስበዋል። ጠረጴዛ ወይም ሰፌድ ላይ ዘርግተው ጥላ ውስጥ ያድርቁት፤ ከደረቀ በኋላ ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩት፣ ክር የላላበት ቦታ ካለ በዚያው መርፌዎን ይስኩ።